ዘብ የቆመችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር፣ ጭነቷ የተራገፈላት አንዲት አህያ ውሃ ልትጠጣ ወደ ወንዝ ስትወርድ ከዋርካ ሥር ከጎጆው የወደቀ የወፍ ጫጩት አገኘች። ላባ አውጥቷል፤ መብረር ግን ገና አልቻለም። አፉን ከፍቶ ሲጮህ ጥሟን ረስታ አጠገቡ ቆመች።

ወዲያው ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ።

«እሜቴ አህያ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ምስኪን! እናቱ ጥላው ሄዳለች። ይስጡኝና እንደ ልጄ ላሳድገው።»

«ምን ልታበላው?»

«ወተት ነዋ!»

«ወፍ መቼ ጡት ጠብቶ ያውቃል?» አለች አህያዋ። ቀና ብላ ብታይ እናቲቱ ትል በአፏ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፈርታ እንጂ ልጇንስ አልጣለችም። «የምትፈራው እኛን ነው። በል፣ ራቅ እንበልላት።»

ይህን ጊዜ ጅብ እየተንጎማለለ መጣ።

«አንተ ቀበሮ፣ እስካሁን አልተቀበልካትም? ጭንቅላቱ ያንተ፣ ሌላው የኔ ተባብለን የለም እንዴ!»

«አፍህን ዝጋ፣ አያ ጅቦ!» አለ ቀበሮ ጥርሱን ነክሶ።

አህያዋ ጅቡን አየችው። አያቶቿን የበላቸው ማን ሆነና! ብትሮጥ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ጫጩቱን ከልላ ቆመችና የኋላ እግሮቿን ወደ ሁለቱ አዞረች።

«ማን ይቅደም?» አለች።

ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ዘው አለ። መንጋጋው ላይ አንድ ጊዜ ስታቀምሰው ተንከባሎ ተነሣና እያነከሰ ሸሸ። ቀበሮማ ቀድሞት ሄዷል።

ከዚያ አህያዋ ፈንጠር ብላ ቆመች። እናቲቱ ወረደች፤ አጉርሳ ሄደች፣ ደግሞ መጣች። አህያዋ እስኪመሽ ንቅንቅ አላለችም። ጫጩቱ በረታ፤ ዘለል ዘለል አለ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ በመጨረሻም እየተንገዳገደ በሮ ከእናቱ ጎን አረፈ። «አመሰግናለሁ» እንኳ አላለም። አህያዋ ግን ደስታዋን መቻል አቅቷት ሸለቆውን በጩኸት ሞላችው። እንግዲህ ሰው ሲሳደብ «አህያ» የሚለው እንዲህ ያለችውን ነው!

ከዚህ የምንማረው፣ የወደቀ ልጅ ያገኘ ሰው ከእናቱ ነጥቆ ከመውሰድ ይልቅ እናቱ እስክትደርስለት ዘብ መቆም እንዳለበት ነው።