ዕጩው ከንቲባና አያ ቁርበት

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና። የሚያንቀላፋም ካለ ከወዲሁ ይተኛ፤ መሐል ላይ ነቅቶ «ምን ተባለ?» የሚለኝን አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ዕቃም ሲከፋው «ከፋኝ» በሚልበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ መካከል ብሳና የምትባል ደሴት ነበረች። በብሳና አህያ አለ፣ ፍየል አለ፣ ዶሮ አለ። ጅብ የሚባል ፍጥረት ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ከንቲባዋ ኤሊ ነበሩ። ደግ ከንቲባ ነበሩ፣ አልዋሽም። ብቻ ካቻምና ለስብሰባ ከቤታቸው እንደወጡ እስካሁን አልደረሱም። ሕዝቡ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በመጨረሻ ሰለቸውና «ሌላ ይመረጥ» አለ።

የብሳና ደንብ እንዲህ ነው። ከንቲባ ልሁን ለሚል ሁሉ ሦስት ቀን ከዋርካው ሥር ቁርበት ይነጠፍለታል። በመጀመሪያው ቀን ትውልዱን ይቆጥራል፤ በሁለተኛው የሚሠራውን ይናገራል፤ በሦስተኛው ይምላል። ቁርበቱ ላይ እንደተቀመጠ ደግሞ ንግግሩን ሳይጨርስ እህል ውሃ አይቀምስም።

እሱ ቁርበት ነው እንግዲህ የተረቴ ባለቤት። አያ ቁርበት ይሉታል። በሬ ሳለ ከሐይቁ ማዶ ያረሰ፣ ያበራየ፣ ብዙ ያየ ነው። ከጭራው በኩል መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለው። የብሳና ሕዝብ «ሲፋቅ ቢላዋ ስቶት ነው» ይላል። ቢላዋ አልነበረም፤ ግን ቁርበትን ማን ይጠይቀዋል? ይቀመጡበታል እንጂ አያዋሩትም። የምታዋራው አንዲት አሮጊት አህያ ብቻ ናት፣ ዳልቻ የምትባል። ሸንጎው ሲበተን በጭራዋ አቧራውን እየጠረገች ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራዋለች። እሱም ይሰማታል። ከእሷ በቀር በዚህ ዓለም ማንም የለውም።

አንድ ቀን ጠዋት ታንኳ አንድ እንግዳ ይዛ መጣች። አንገተ ወፍራም፣ ጸጉረ ጎፍላ፣ ከኋላው ዝቅ ያለ፣ ሲራመድም የሚያነክስ ነው።

«አቶ ጾመኛው እባላለሁ» አለ እንግዳው። «ከንቲባ ልሆናችሁ መጥቻለሁ፤ ቁርበት አንጥፉልኝ።»

«ከኋላ ዝቅ ማለቱ ትሕትና ነው» አለች ፍየል።

«ማንከሱም የሥራ ብዛት ነው» አለ የሸንጎው ሰብሳቢ አውራ ዶሮ።

«ደግሞ ፍልቅልቅ ነው፤ ያለምክንያት ይስቃል» አለች ዳልቻ።

ቁርበቱ ተነጠፈ፣ እንግዳው ቁጭ አለ። አያ ቁርበት ጠረኑ ገና ሲደርሰው የቀዳዳው ዙሪያ ቀዘቀዘ። ጅብ ነው። ይሄንን ጠረን በሬ ሳለ በአንድ ክፉ ቀን አሽትቶታል።

አቶ ጾመኛው ትውልዱን ቆጠረ። «አባቴ በከተማ ጽዳት የታወቀ ነበር፤ እሱ ባለፈበት መንገድ አጥንት እንኳ ወድቆ አይገኝም። እናቴ በሽተኛ ጠያቂ ነበረች፤ አህያ ታመመ ከተባለ ማንም አይቀድማትም። አያቴ ለቀብር የተፈጠረ ነበር። ቀባሪ ቢጠፋ እንኳ ብቻውን ይወጣው ነበር።»

ሸንጎው አጨበጨበ። ጭብጨባው መሐል አቶ ጾመኛው ጎንበስ ብሎ የአያ ቁርበትን የቀኝ ጠርዝ ቀረጠፈ።

«ጎበዝ፣ ይሄ ጅብ ነው፤ እየበላኝ ነው» አለ አያ ቁርበት።

«ቁርበት ይነጠፋል እንጂ አይናገርም። እንግዳ አታሳፍር» አለው አውራ ዶሮ።

ሸንጎው ሲበተን ለዳልቻ ነገራት። ዳልቻ ተቆጣች። «አያ ቁርበት፣ ስታረጅ ሐሜተኛ ሆንክ። የሰውየው እናት እኮ አህያ ሲታመም ጠያቂ ነበረች!»

«ጠይቃ ስታበቃ ምን አደረገች?»

ዳልቻ ትንሽ አሰበች። «እሱን አልተናገረም» አለች።

በሁለተኛው ቀን አቶ ጾመኛው ሆዱን እያሻሸ የሚሠራውን ተናገረ። «አንደኛ፣ የበረት በር ሁሉ ይነሣል። በር ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለይ ክፉ ነገር ነው። እኔ የምወደው የተከፈተ አስተዳደር ነው።»

ጭብጨባ ሆነ።

«ሁለተኛ፣ ሲመሽ ኩራዝ ሁሉ ይጠፋል። ዓይናችሁ ይረፍ፤ ስታዩ ስታዩ ውላችሁ ምን አገኛችሁ?»

ጭብጨባ ሆነ።

«ሦስተኛ፣ ላረጁ አህዮች ከመንደሩ ራቅ ብሎ ከገደሉ ሥር ማረፊያ ይሠራል። ጠባቂ አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ እየመጣሁ አያቸዋለሁ። ሹመቴ በጸደቀ ቀን የመጀመሪያዋ ገቢ እማማ ዳልቻ ይሁኑ።»

ፍየል እጇን አወጣች። «አንድ ጊዜ የገባ መቼ ይወጣል?»

«እስካሁን ወጥቶ ያማረረ የለም» አለ አቶ ጾመኛው።

ዳልቻ እንባዋ መጣ። «ዕድሜ ልኬን ስሸከም ኖሬ ዛሬ አስታዋሽ አገኘሁ» አለች። ሸንጎው አብሯት አለቀሰ። ልቅሶው መሐል የአያ ቁርበት የግራ ጠርዝ ሄደ።

«ሕዝብ ሆይ፣ ግራዬም ተበላ!» አለ አያ ቁርበት።

«አይጥ ነው» አለው አውራ ዶሮ። «ደግሞ ሰው በሚያለቅስበት ሰዓት ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው።»

ሸንጎው ተበተነ። አያ ቁርበት ብቻውን ተነጥፎ አሰበ። ተጠቅልሎ ቢንከባለል ቁልቁለቱ ሐይቅ ያደርሰዋል፤ ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ ይድናል። ዳልቻስ? ዳልቻ ነገ ሹመቱ ሲጸድቅ እየሳቀች፣ እየመረቀች ገደል ሥር ትገባለች። ፈራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጣም ፈራ። አንድ ጊዜ የተበላ መበላትን ያውቀዋል። ቢሆንም ዳልቻ ልትጠርገው ስትመጣ እንዲህ አላት፦

«እቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ነገ መሐላ ነው። እኔ ደግሞ ደርቄያለሁ፣ እንግዳውን እቆረቁረዋለሁ። ቅቤ ይቀቡኝና ይሹኝ።»

«አሁን ገና ወግ አወቅህ» አለች ዳልቻ ደስ ብሏት። «ለጋ ቅቤ ላምጣልህ?»

«ለጋ አይሁን። የከረመ ይሁን፣ ከሩቅ የሚጠራው።»

ዳልቻ ለፍየል ነገረች፣ ፍየል ከቅሏ የሦስት ክረምት ቅቤ አወጣች። ቀቡት፣ አሹት፣ ረገጡት። ከቀቡት በኋላ ዝንብ እንኳ ሁለት ጊዜ አስቦ ነበር የሚያርፍበት።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። አቶ ጾመኛው ገና ቁጭ ሲል አፍንጫው ተነፋ።

«እኔ ጾመኛው…» አለና ምራቁን ዋጠ።

«ይቀጥሉ» አለ አውራ ዶሮ።

«እኔ ጾመኛው፣ የብሳናን ሕዝብ…» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«ስሜት ይዞት ነው» አለች ፍየል።

«እኔ ጾመኛው፣ የብሳናን ሕዝብ አንድ በአንድ…» አለና ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ያን ጊዜ አያ ቁርበት ከሥሩ አንሾካሾከ፦ «ጌታዬ፣ ከጭራዬ በኩል ያለውን ቀዳዳ አያውቁትም? የዘመድዎ ሥራ ነው። የጀመሩትን ቢጨርሱትስ?»

ኧረ አቶ ጾመኛው መሐላም ረሳ፣ ሸንጎም ረሳ። ዘወር ብሎ ጥርሱን ሰካ። ቀረጠፈ፣ ሳበ፣ ዋጠ። አያ ቁርበት ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። ተናግሮ የሰማው አልነበረምና አሁን ዓይን ያለው ይይ ብሎ ተወው። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ያያል። ቁርበቱ እኩሌታው ሲያልቅ አውራ ዶሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ ጾመኛው፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አቶ ጾመኛው አፉ ሙሉ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለው የለ አባቶች» አለ።

ዳልቻ ቀስ ብላ ተነሥታ ቀረበች። አዲሱን ንክሻ አየች፤ ስትጠርገው የኖረችውን የድሮውን ቀዳዳ አስታወሰች። ያው ነው፤ ጥርሱ ያው፣ ቅርጹ ያው። እናቱ በሽተኛ ጠይቃ ስታበቃ ምን እንዳደረገች አሁን ገባት።

«አንተ ደግሞ ገና አልተሾምክም እኮ» አለችው።

ከዚያ ፊቷን አዞረች። ዕጩው ከንቲባ ትታው የምትሄድ መስሎት ፈገግ ሲል፣ በሁለት እግሯ አንዴ አቀመሰችው። ዋርካውን አለፈ፣ ቁልቁለቱን አለፈ፣ ሐይቁ መሐል ጧ ብሎ ወደቀ። ዋኝቶ ማዶ እስኪደርስ ሳቁ አልተሰማም።

ሸንጎው አፈረ። አውራ ዶሮ ክንፉን አጣጥፎ «አያ ቁርበት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነግረኸን አልሰማንህም። ይቅር በለን» አለ። «ምን ይደረግልህ? እኩሌታህ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ለሸንጎ አትበቃም።»

«ለሸንጎ አልበቃም» አለ አያ ቁርበት። «ለአንድ አህያ ጀርባ ግን እበቃለሁ።»

ዳልቻ ጎንበስ ብላ በጥርሷ አነሣችውና ጀርባዋ ላይ ጣለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭነት ሲጫንባት መጀመሪያ የሚነጠፈው እሱ ሆነ። ሸክሙ ሳይቆረቁራት፣ እሱም ያለ ወሬ ሳይውል፣ አብረው አረጁ።

የብሳና ሕዝብም ከዚያ ወዲህ ለከንቲባነት የመጣን ሁሉ ያባቱን ስም አይጠይቅም፤ ቅቤ የጠገበ ቁርበት ያነጥፍለትና ዝም ብሎ ያየዋል። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ቢኖር መልሳቸው አንድ ነው፦ ሳይሾም መቀመጫውን የበላ፣ ሲሾም ተቀማጩን ይበላል።