መስቀለኛው መንገድ ላይ የተተከለ የእድር ድንኳን

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ አባት ላውጋችሁ። የየት ከተማ ሰው ናቸው እንዳትሉኝ። ብስክሌት የሚበዛባት፣ መኪናው ደግሞ ከብስክሌቱ የባሰባት ከተማ ናት። የእኛን ትመስላለች፣ በቃ።

እኚህ ሰው የእድር ንብረት ጠባቂ ናቸው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ያለበት መጋዘን ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ሰው ሞቶ ጡሩንባ ሲነፋ ከሁሉ ቀድመው ይነሣሉ፤ ምሰሶ ተሸክመው ሄደው ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ስማቸው ጋሽ ይርዳው ነው።

ጋሽ ይርዳው በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ድንኳን ሦስት ጊዜ የተከሉት በአንድ መስቀለኛ መንገድ ምክንያት ነው። ከገበያው በላይ ያለው፣ አራት አስፋልት የሚገናኝበት፣ ዜብራው ተፍቆ ያለቀው። መጀመሪያ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ። ከዚያ በብስክሌት ወደ ሥራው የሚሄድ አናጺ። ከዚያ ከቅዳሴ የሚመለሱ አዛውንት። ሦስት ሰው! ታዲያ ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምን ይል ነበር መሰላችሁ? «ቀኑ ደርሶ ነው፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።»

ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች! ዜብራውን የፋቀው እግዚአብሔር ነው? ነዳጁን የረገጠው እግዚአብሔር ነው? እኛ እጃችንን አጣጥፈን የተውነውን ሁሉ ወስደን እሱ ላይ እንለጥፋለን። አናፍርም እኮ!

ጋሽ ይርዳው አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ማስተዋል ትባላለች። አጸደ ሕፃናት ታስተምራለች። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በብስክሌቷ ያንን መንገድ ታቋርጣለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የኋላ ጎማዋ ተጣሞ፣ ክርኗ ተልጦ፣ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች።

«ምንም አልሆንኩም አባዬ። ሚኒባስ ነው፣ ጨረፍ አድርጎኝ ነው» አለች።

ጋሽ ይርዳው አራተኛውን ድንኳን ለማን እንደሚተክሉ ታያቸው።

በነጋታው የመንገድ ቢሮ ሄዱ። አንዱ ክፍል «አስፋልቱ የእኛ ነው፤ ቀለሙ ግን እኛን አይመለከትም» አላቸው። ቀለሙ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ «ማመልከቻ ያስገቡ፣ ይጠናል» አላቸው። ሦስት ሰው ተቀብሮ ምኑ ነው የሚጠናው?

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሡ። «ወገኖቼ፣ መቶ ሃምሳ አባወራ ነን። ተሰብስበን ሄደን ፈቃድ እንጠይቅ፤ ጉልበቱን እኛ እናዋጣ። ዜብራውን እንቀባ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንሥራ። ልጄ በዚያ ነው የምታልፈው» አሉ።

የእድሩ ሊቀመንበር ሻምበል ወንዳለ መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን ገለጡ። «አቶ ይርዳው፣ ደንባችን የሚያውቀው ሞት ሲደርስ ነው። ከሞት በፊት ያለውን አያውቅም።»

«እንግዲያው እስክትሞት ልጠብቅ?»

ከዚያ አንዱ «እግዚአብሔር ይጠብቃት!» አለ። ሁሉም በአንድ አፍ «አሜን!» አሉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። አጀንዳው ምን ነበር? አዲስ ድንኳን መግዛት! እግዚኦ!

ሰኞ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ጋሽ ይርዳው መጋዘኑን ከፈቱ። ድንኳኑንና ወንበሮቹን በጋሪ አስጭነው መስቀለኛው መንገድ ላይ አራገፉ። የአስፋልቱን ግማሽ ዘግተው ድንኳኑን ተከሉ። ወንበር ደረደሩና አንዱ ላይ ቁጭ አሉ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ያ እንደ እብድ የሚከንፈው ሚኒባስ ቀስ አለ። ረዳቱ ኮፍያውን አወለቀ። ባጃጁ ዘፈኑን ዘጋ። አይሱዙው እንኳ፣ ያ ማንንም የማይሰማው አይሱዙ፣ በሰው እርምጃ እየተሳበ አለፈ። ክላክስ ያደረገ አንድም የለም! እግረኛው በመካከላቸው ዘና ብሎ ተሻገረ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡ ሴቶች ገብተው ተቀመጡና «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

«ገና ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ይርዳው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማስተዋል መጣች። የሰፈሯን ድንኳን ከሩቅ ለየችው፤ ጥጉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ እራፊ ታውቃታለች። አባቷ ደግሞ ምንም ሳይነግሯት በማለዳ ወጥተዋል። ብስክሌቷን ጥላ «አባቴን! አባቴን!» እያለች፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ በአስፋልቱ መካከል ሮጠች። መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የነካት የለም።

ጋሽ ይርዳው ከድንኳኑ ዘለው ወጡ። «አለሁ ልጄ፣ አለሁ!»

አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ተናደደችና ደረታቸውን በቡጢ መታች። «ምን ነካህ አባዬ? በቁምህ ታስለቅሰኛለህ?»

«እኔስ በየቀኑ እንዲህ እየሆንኩ አይደል የምጠብቅሽ?» አሏት።

ሻምበል ወንዳለ እየተጣደፉ ደረሱ። «ሟርት ነው! ሰው ሳይሞት ድንኳን ይተከላል?» ብለው ጮኹ። ድንኳኑን አስነቀሉ፤ የመጋዘኑንም ቁልፍ ተቀበሏቸው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሚኒባሱ እንደ ልማዱ መክነፍ ጀመረ።

እሺ፣ ሟርት ነው እንበል። ግን ልጠይቃችሁ፤ ያ ሹፌር ፍሬን መያዝ አያውቅም ነበር? ያውቃል! ሰው ማክበር አያውቅም ነበር? እሱንም ያውቃል! ለሞተ ሰው ኮፍያውን ያወልቃል፤ በሕይወት ባለችው ላይ ግን ክላክሱን ያንባርቅባታል።

እናንተስ? አሁን ከዚህ ጉባኤ ወጥታችሁ፣ መኪናችሁን አስነሥታችሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ምርኩዟን ይዛ የምትሻገረውን እናት «ዞር በይ!» የምትሏት እናንተው አይደላችሁም? ባለፈው እሑድ በዓይኔ አይቻለሁ! ያውም መዝሙር ከፍታችሁ። ቢሮ ተቀምጣችሁ «ይጠናል» የምትሉትስ? እድራችሁ ውስጥ «አሜን» ብላችሁ ወደ ሌላ አጀንዳ የምታልፉትስ? ያ «አሜን» እንኳን መኪና፣ ጋሪ አያቆምም። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው፤ ፍትሐት እያደረስኩ ደክሞኛል።

ማስተዋል ነገም አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ መንገድ ላይ ናት። አባቷም ደጃፍ ላይ ቆመው መመለሷን ይጠብቃሉ። «ማን ሞተ?» ብሎ ለመምጣትማ የሚቀድማችሁ የለም፤ ወንበሩ ይሞላል፣ ንፍሮው ይተርፋል። ምእመናን፣ እባካችሁ፣ ሰው በእግሩ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ማን ሊሻገር ነው?» ብላችሁ ቁሙ።