ኮይባንደር ስም ያገኘችበት ቀን

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። መርከብ በነፋስ ፈቃድ ብቻ ይሄድ በነበረበት፣ ባሕሩም ከዛሬው ይልቅ ለጎጆ ደጃፍ ቅርብ በነበረበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ እዚሁ በሕንድ ምዕራብ ዳርቻ አንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ስም አልነበራትም። ጎጆዎቿ በኮኮናት ቅጠል የተከደኑ ነበሩ። ሰዎቿም ከሌላ ቦታ ተባረው የመጡ ድሆች ነበሩ።

ከኮረብታው ጀርባ አንድ ራጃ ነበረ። ራጃ ማለት የዚህ አገር ንጉሥ ነው። ራጃው ከዓረብ አገር በመርከብ የሚመጡለትን ፈረሶች የሚያወርድበት ባዶ ዳርቻ ይፈልግ ነበር። ወሬው መንደሯ ደረሰ። ስለዚህ ሰዎቹ ሲበሉም ሲተኙም አንድ ፍርሃት ነበረባቸው፤ እንደገና ተባረን እንበተናለን የሚል ፍርሃት።

አንድ ቀን አንድ መርከብ ውኃ ሊቀዳ ቆመ። ከመርከቡ አንድ ሐበሻ ወረደ። ስሙ ባይለየኝ ነበር፤ ሥራውም ውኃ መቅዳት ነበር። ባይለየኝ ደግ ነው። ጠንካራም ነው። ግን ዝግተኛ ነው። የስልቻውን አፍ ሲያስር፣ አልጥም ብሎት ሲፈታ፣ እንደገና ሲያስር ነፋሱ ተነሣ። መርከቡም ጥሎት ሄደ። ባይለየኝ እስከ ወገቡ ባሕር ውስጥ ገብቶ ጮኸ።

"ቆይ! ኧረ ቆይ! ቆይ እንጂ!"

መርከቡ አልቆየም።

ጩኸቱን የሰሙ ጋንጋባይ የሚባሉ ባልቴት ከጎጆአቸው ወጡ። መንደሯ የምትሰማው እሳቸውን ነበር።

"ማነው ይሄ ከባሕር ጋር የሚጣላው?" አሉ።

"ስሙን እየተናገረ ነው" አላቸው ዳሞ የሚባል አጥማጅ። "ኮይ ነኝ፣ ኮይ ነኝ እያለ ነው።"

የሐበሻውን ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ «ቀ» የምትለው ድምፅም ለምላሳቸው ከባድ ነበረች።

"ምስኪን! ለባሕርም ስም ይነገራል?" አሉና ሩዝ በዓሣ ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮይ ተባለ። እሱም "አንድ ቀን አርማቸዋለሁ" ብሎ አሰበ። ግን ዝግተኛ ስለነበረ ሳያርማቸው ለመደው።

በዚያው ዓመት ዓሣ ጠፋ። መረቡ ይጣላል፤ ባዶውን ይወጣል። ሰዎቹ ተስፋ ቆረጡ። "ራጃው ሳያባርረን እኛው እንሂድ" አሉ። ድስቱን፣ ምንጣፉን፣ ዶሮውን ጀልባ ላይ ጫኑ። የጀልባዎቹን ገመድ የሚፈታው ኮይ ነበር። ሰው ሁሉ ቸኮለ። ኮይ አልቸኮለም። ቋጠሮው ጠበቀበት፤ በጥርሱም ሞከረው።

"አንተ ኤሊ! ፍታው እንጂ!" አሉት ጋንጋባይ።

"ቆይ" አለ ኮይ።

ቆዩ። ምን ያድርጉ? ገመዱ በእሱ እጅ ነው። ሲቆዩ ሲቆዩ፣ የዳሞ ሚስት እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበርና ድንገት ጮኸች። እግሯን የነካት ዓሣ ነበር። ከኋላውም ሌላ ዓሣ፣ ከኋላውም ሌላ። ውኃው እንደ ብር አንጸባረቀ። ሰዎቹ በቅርጫት፣ በድስት፣ በነጠላ ጨርቅ ሳይቀር ዓሣ አፈሱ። ዶሮዎቹም ከጀልባ ወረዱ። መንደሯ ሳትበተን ቀረች።

ጥጋብ መጣ፤ ጥጋብም ጠብ አመጣ። ዳሞና የእህቱ ባል ቪቱ "ዓሣውን ቀድሞ ያየው የኔ ወገን ነው" ተባባሉ።

"ያንተ ወገን? ያንተ ወገን እንኳን ዓሣ ዝሆን ቢመጣ አያይም!" አለ ቪቱ።

"የሚስቴን እግር ጠይቅ!" አለ ዳሞ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ መንደሯ ለሁለት ተከፈለች። በመጨረሻ ትልቁን መረብ ለሁለት ቆርጠን እንካፈልና እያንዳንዱ ወገኑን ይዞ ይሂድ ተባለ። ያ መረብ ሁሉም አብረው የሠሩት ነበር። ከተቆረጠ ለማንም አይሆንም። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ግን ማንም ቀድሞ መናገር አልፈለገም። መረቡን ይዞ እንዲወጥር ኮይ ተጠራ። ቪቱ ቢላዋውን አነሣ።

"ቆይ" አለ ኮይ።

መረቡ ቆሽሾ ነበር። ኮይ የባሕር ሣሩን ለቀመ። ዛጎሉን ለቀመ። ቪቱ ቢላዋውን እንዳነሣ ክንዱ ዛለ። ኮይ አልቸኮለም። ከሣሩ ሥር አንድ ትልቅ ሸርጣን ነበረ፤ ብድግ ብሎ የኮይን አፍንጫ ያዘው።

"ቆይ! ቆይ! ቆይ!" አለ ኮይ በአፍንጫው።

ሸርጣኑ ቆየ እንጂ አልለቀቀም። ዳሞ ሮጦ የሸርጣኑን አንድ እግር ያዘ፤ ቪቱም ቢላዋውን ጥሎ ሌላውን እግር ያዘ። አንዱ "ሳብ!" ሲል፣ ሌላው "ቀስ! አፍንጫው አብሮ ይመጣል!" ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሸርጣኑ ሲለቅ ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ፤ አንዱ ባንዱ ላይ። ያን ቀን መረቡን የሚቆርጥ ሰው ጠፋ። መንደሯም ሳትበተን ቀረች።

ከዚያ በኋላ ግን የፈሩት መጣ። የራጃው ሹም በዝሆን ላይ ሆኖ ኮረብታውን ወረደ። ሕዝቡ ተሰበሰበ።

"ጌታዬ ራጃው 'ስም የሌለውን ዳርቻ ጥረግልኝ' ብለውኛል" አለ ሹሙ። "ይህ ቦታ ስም አለው?"

ሰዎቹ አሸዋውን አዩ።

"የለውም ማለት ነው!" አለና ዝሆኑን ነዳ።

ዝሆኑ ወደ ጎጆዎቹ ተራመደ። በመንገዱ ላይ ኮይ ዓሣ አስጥቶ ነበር። ዝሆኑ እግሩን አነሣ። ኮይም ሮጠ። ሲሮጥ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

"ቆይ! ቆይ! ቆይ!"

ዝሆኑ እግሩን እንዳነሣ ቆመ። ኮይ ከሥሩ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።

"ምንድነው የሚለው?" አለ ሹሙ።

"ስሙን ነው፣ ጌታዬ" አለ ዳሞ።

"የማንን ስም?"

ዳሞ ሳይመልስ ጋንጋባይ ቀደሙት።

"የቦታውን ነዋ! ኮይ! ኮይባንደር ነው የሚባለው!" ባንደር ማለት ወደብ ማለት ነው።

ሹሙ ጺሙን አከከ። "ስም ያለውን ጥረግ አላሉኝም። ተመልሼ ልጠይቅ" አለ። ዝሆኑን ሲያዞር ግን የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። የኮረብታው መንገድ ጭቃ ሆነ። ዝሆኑ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ። ኮይ ቀስ ብሎ ሄዶ የሹሙን እጅጌ ያዘና "ቆይ" አለው።

ሹሙ ቆየ። መንገዱ እስኪደርቅ ክረምቱን ሙሉ ቆየ። በጋንጋባይ ጎጆ ተኛ፤ ሩዛቸውን በላ። ልጆች ዝሆኑ ላይ ወጥተው እየተንሸራተቱ ወረዱ። ሹሙ መረብ መጠገን ሞከረ።

"ጌታው፣ ይሄ መረብ ነው ወይስ የወፍ ጎጆ?" ይሉታል ጋንጋባይ። እሱም ፈትቶ እንደገና ይጀምራል።

ፀሐይ ወጣች፤ መንገዱም ደረቀ። ሹሙ ዝሆኑ ላይ ወጣ። ሕዝቡ ሊሸኘው ወጣ። በሹሙ አፍ ላይ ቤታቸው ነበረ።

"ለራጃው ምን ይሏቸዋል?" አሉ ጋንጋባይ፤ ድምፃቸው ያን ቀን ቀጭን ነበር።

"ዳርቻው ባዶ አይደለም እላቸዋለሁ። ስሙ ኮይባንደር ነው እላቸዋለሁ። የተኛሁበትን ጎጆ በዝሆን አላስረግጥም፤ ፈረሶቹ ሌላ ቦታ ይውረዱ" አለ ሹሙ። "ግን እውነቱን ንገሩኝ፤ ኮይ ማለት ምን ማለት ነው?"

ሁሉም ወደ ኮይ ዞሩ። ኮይ እስኪናገር ቆየ። በዚያን ጊዜ የአገሩን ቋንቋ ለምዶ ነበር።

"በእኛ ቋንቋ ለሚቸኩል ሰው 'ጠብቅ' ማለት ነው" አለ። "ለሚሄድ ወዳጅ ደግሞ 'ገና ነው፣ ከእኛ ጋር ሁን' ማለት ነው።"

"ታዲያ ያንተ ስም ማነው?" አሉ ጋንጋባይ።

"ባይለየኝ።"

"ባይ... ላይ... ያን..." ሞከሩ። "ኧረ ተወው ልጄ፣ ኮይ ይሻልሃል!"

ራጃውም ሹሙን ሰማ። ፈረሶቹ በሌላ ዳርቻ ወረዱ። መንደሯም አደገች፤ ከተማ ሆነች። ይኸው የምንኖርባት እሷ ናት።

ስለዚህ ነው እኛ ኮይባንደሮች የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል መንገድ ላይ የምንወጣው። ነጋዴ ይሁን፣ ዳኛ ይሁን፣ ትናንት የሰደበን ሰው ይሁን፣ የሚያልፈውን ሁሉ "ኮይ!" ብለን እናስቆመዋለን። ሩዝና ዓሣ ሳይበላም አይሄድም።

የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ የረሳሁትን ባሕሩ ይጨምርበት። በሉ አሁን ተነሡ! ጣሪያው ላይ ሲንጠባጠብ አይሰማችሁም? ያ ጥላ የያዘ ሰውዬ ሊያመልጣችሁ ነው፤ ሩጡ!