ያጠረው ሰንሰለት

አንድ የአበባ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ወንዙን በሽቦ አጥሮ ለጽጌረዳው ካዋለው ወዲህ፣ ከአጥሩ ማዶ የአንዲት መበለት ጎመን ደርቆ ቀረ።

አበባውን የሚገዙት ፈረንጆች ሊጎበኙ በመጡ ቀን ሰውየው የመንደሩን ሰው ደጁ ላይ ሰበሰበ። በሩ ላይ በሰንሰለት የታሰረው ውሻ፣ የውሃ ዕቃው ጋ ለመድረስ እየተንጠራራ ያላዝን ነበር።

«እናንተም እንግዲህ የዓለም አቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ገብታችኋል!» አለና ወደ መበለቲቱ ዞረ። «ይበሉ እማማ፣ ከሰንሰለቱ ያገኙትን ለእንግዶቹ ይመስክሩ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ውሻውንም ወንዙንም አየች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ገላገሉኝ። ውሃው ፊቴ እየፈሰሰ አልደርስበት ያልኩት ወንዙ ታጥሮ መስሎኝ ሳማርር ከርሜ ነበር። ለካ ሰንሰለቱ ነው ያጠረኝ!»