ያለ አባት የተፈለፈሉት ድንጉላዎች

በአንድ ወቅት ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቢያድግልኝ የሚባሉ ንብ አናቢ ይኖሩ ነበር። ሰፊ የብሳና ደን ነበራቸው። በዚያ ዘመን ሁለት ክረምት ተከታትሎ ዝናብ ቀረ፤ አበባ ጠፋ፤ ንቡም በየቀፎው አለቀ። በአገሩ ሁሉ የተረፉት ሁለት ቀፎዎች ብቻ ሆኑ። አንዱ በእሳቸው ጓሮ፣ ሌላው ከገደሉ ማዶ፣ ባሏ በሞተባት ልጃቸው በእንጉዳይ ቤት ነበር።

ቢያድግልኝ አልጋ ላይ ውለው ነበርና ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውንና እንጉዳይን አስጠሩ። «ደኑን አልከፋፍለውም። ንብ ከዚህ አገር እንዳይጠፋ ላደረገ ይሁን» አሉ።

ታላቁ ይርሳው የጓሮውን ቀፎ ከፍቶ አየ። ንግሥቲቱ አርጅታለች፤ እንቁላል የምትጥለው አልፎ አልፎ ነው። በሁለት ጣቱ ይዞ አወጣትና ጨፈለቃት።

«እናታቸውን?» አለች ሚስቱ ዘነቡ።

«መውለድ ያቃታት ቦታ ይዛ ምን ትሠራለች?»

ዘነቡ አሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር አልወለደችም። እህል መልቀሟን ቀጠለች። ንቦቹም ከቀሩት እጮች አንዷን መግበው ሌላ ንግሥት አሳደጉ።

ታናሹ ምኒችል አዲሲቱን ንግሥት ለመብረር ከቀፎው አፍ ስትወጣ አገኛት። ንግሥት እንዲህ የምትወጣው ከድንጉላ፣ ማለት ከወንዱ ንብ ጋር፣ አየር ላይ ለመገናኘት ነው። «ወፍ ከበላት ሁሉም አለቀ» አለና በመቀስ ክንፎቿን ቆረጠ። ሦስት ቀን በቀፎው አፍ ላይ እየዳኸች ዋለች። በኋላ ወንድ ሳያገኛት እንቁላል መጣል ጀመረች። ወንድ ያልደረሰበት የንብ እንቁላልም ይፈለፈላል፤ የሚወጣው ግን ድንጉላ ብቻ ነው። ድንጉላ አበባ አይቀስምም፣ ማር አይሠራም፤ ይበላል። ቀፎው አባት በሌላቸው ድንጉላዎች ተሞላ፤ ሠራተኞቹ እያረጁ ረገፉ። ወንድማማቾቹ እርግማን ነው ብለው ቀፎውን ሊያቃጥሉ ጭድ ሰበሰቡ።

በዚያው ሰሞን የእንጉዳይ ንግሥት ሞታ ወጣት ተተክታ ነበር። የእንጉዳይ ንቦች ግን ረኀቡ ሲጠናባቸው ድንጉላዎቻቸውን አንድ ሳያስቀሩ ጎትተው አውጥተው ጨርሰዋቸዋል። ወጣቷ ብትበር የሚገናኛት የለም። እንጉዳይ ቀፎው ሊቃጠል መሆኑን ስትሰማ ገደሉን ተሻግራ መጣች።

«ንግሥቴ እስክትበር አሥራ አምስት ቀን ተዉልኝ» አለች።

«ምን በልተው ይቆያሉ?» አላት ምኒችል።

«እኔ አበላቸዋለሁ።»

በቤቷ የቀረው አንድ ማሰሮ ማር ነው። የአራት ዓመት ልጇ ውዴ ነፍሷ የቆየው በእሱ ነበር፤ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣታል። እንጉዳይ የማታውን አስቀረች። ቀጥላ የጠዋቱን በግማሽ ቀነሰች። ዘነቡ መንገድ ላይ አግኝታት፣ «ልጅቷን ስጪኝ፤ ከድርሻዬ አጎርሳታለሁ» አለቻት።

«ልጄን ለሰው አልሰጥም» አለች እንጉዳይ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ውዴ መነሣት አቃታት። በአሥራ ሦስተኛው ሞተች። እንጉዳይ ቀብራ ተመለሰችና የዕለቱን ማር ይዛ ገደሉን ተሻገረች።

በማግሥቱ ወጣቷ ንግሥት በረረች። ድንጉላዎቹ ተከተሏት፤ የደረሱባት እዚያው አየር ላይ ሞተው ወደቁ። ተመልሳ የጣለችው እንቁላል ሠራተኛ ንብ ሆነ። ከዚያም ዝናብ ገባ፤ በዓመቱ ንቡ ተባዝቶ ስምንት ቀፎ ሞላ።

ልጆቹ በአባታቸው አልጋ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

«አሮጊቷን ባልገድላት ኖሮ ቀፎው አብሯት ይሞት ነበር» አለ ይርሳው። «የድንጉላዎቹ እናት የተገኘችው በእኔ ነው።»

«ድንጉላ የተገኘው ደግሞ በእኔ መቀስ ነው» አለ ምኒችል። «ያን ጊዜ በአገሩ ድንጉላ ስላልነበረ፣ በርራ ቢሆን እሷም ወንድ አታገኝም ነበር፤ የእንጉዳይም ንግሥት መካን ትቀር ነበር።»

«ይህን አውቀህ ነው የቆረጥካት?» አለችው እንጉዳይ።

«አላወቅሁም። አንቺስ ውዴ እንደምትሞት አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው» አለች እንጉዳይ።

ያን ጊዜ ዘነቡ ሳትጠየቅ ተናገረች። «ለእኔ ሰጥታኝ ቢሆን ልጅቷም ንቡም ይተርፉ ነበር። አውቃ ለገደለች ደን ይሰጣል?»

ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ንብ እንዳይጠፋ ላደረገ ነው ያልኩት። ሌላ አልጨመርኩም» አሉ። የማንንም ስም ሳይጠሩ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

እነሆ ደኑ ቆሟል፤ ሦስቱም በር ላይ ናቸው። እናንተ ብትፈርዱ ለማን ትሰጡታላችሁ? አሮጊቷን ለጨፈለቃት፣ የወጣቷን ክንፍ ለቆረጠው፣ ወይስ የልጇን ጉርሻ ለድንጉላ ላበላችው?