ዘበኛው እንዳይጠይቅ የታዘዘበት ጎተራ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጥያቄህን ስሰማ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የቤትህ የኢንተርኔት አድራሻ እየተቀየረ የምትሠራበት ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ፣ ዳታቤዙ፣ የሚያውቀው የቀድሞውን አድራሻ ብቻ ስለሆነ አላስገባ ብሎሃል። ከየትም የመጣውን እንዲያስገባ ልክፈተውና የይለፍ ቃሉ ብቻ ይጠብቀው ወይ ነው ያልከኝ። እስቲ ቁጭ በል።

ሰውዬው ከብት አርቢ ነበር። ጎተራው ነቀዝ የማይደርስበት ስለሆነ የመንደሩ ሰው የዘር እህሉን እሱ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል። በጋ ሲሆን ግን ከብቱን ይዞ ቆላ ይወርዳል፤ ሣር ባለቀ ቁጥርም ሰፈሩን ይለውጣል። ስንቅ ሲያልቅበት ወደ ጎተራው ሰው ይልካል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለ። ዘበኛው የምስጢር ቃል ይጠይቃል፤ ደግሞም ከየት ሰፈር መጣህ ይላል። ጌታው አስቀድሞ ያስታወቀው ሰፈር ካልሆነ አይከፍትም።

አንድ ጊዜ ሰውዬው ሰፈር ለውጦ ሳያስታውቅ ቀረ። መልእክተኛው ባዶ እጁን ተመለሰ፤ እረኞቹም ጦማቸውን አደሩ። ሰውዬው ተናደደና ለዘበኛው እንዲህ ብሎ ላከበት፦

«ከእንግዲህ ከየት መጣህ አትበል። ቃሉን ያወቀ ሁሉ ይግባ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መልእክተኞቹ ቃሉን በየመንገዱ ሲያወሩት የሰሙ ሌቦች አህያ ነድተው በጠራራ ፀሐይ መጡ። ቃሉን ተናገሩ። ዘበኛው ከፈተላቸው፤ ምስኪን፣ ጆንያውን እንኳ አብሮ አሸከማቸው።

ዝናብ ጣለ። መንደርተኛው ዘሩን ሊወስድ ሲመጣ ጎተራው ባዶ ነው። ሰውዬው ከቆላ በሩጫ ደርሶ የዘበኛውን አንገት ያዘ። ሽማግሌው አልታገለም።

«እንዳልጠይቅ ያዘዝከኝ አንተ ነህ፣ ጌታዬ» አለው።

ከሁሉ አንጀቴን የምትበላኝ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያስቀመጠችው አንድ ቁና ገብስ ነበር። ጎንበስ ብላ የጎተራውን ወለል ጠረገች፤ ያገኘችው እፍኝ አልሞላም። ያን ክረምት ማሳዋ አረም አበቀለ። መስከረም ሳይጠባ ልጆቿን አስከትላ ለልመና ወጣች።

እንግዲህ ያ ጎተራ ያንተ ዳታቤዝ ነው። ዘበኛው ዳታቤዙን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ነው፤ ያዘዝከውን ያደርጋል እንጂ አይከራከርህም። ከየት መጣህ የሚለውን ጥያቄ አታስቀርበት። አድራሻው የማይለወጥ አንድ ኮምፒውተር ክሊኒኩ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሰርቨሩ እሱን ብቻ ያስገባ። አንተ ከቤትህ በተመሰጠረ መስመር ወደ እሱ ግባና በእሱ በኩል እለፍ። ቃልህንም መንገደኛ አይሰማብህም። ያደክማል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን እዚያ ውስጥ ለእህቷ እንኳ ያልነገረችውን በሽታ ለሐኪም የተናገረች ሴት አለች። የራስህ ገመና ቢሆን ኖሮ እንዳሻህ ብዬ በተውኩህ።