ቡራኬ የምትፈራው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ቡራኬ የምትፈራ።

ሳቃችሁ አይደል? ጨለማ የሚፈራ ሰው ታውቃላችሁ። እባብ የሚፈራ ታውቃላችሁ። ይህች ሴት ግን ቡራኬ ነበር የምትፈራው። እሑድ እሑድ ስብከቱ አልቆ መጋቢው እጁን ወደ ላይ ማንሣት ሲጀምር ልቧ ድው ድው ይላል፤ መዳፏን ላብ ያጠምቀዋል። ዓይኗ በሩን ይፈልጋል። ለምን መሰላችሁ? ከቡራኬው በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃለቻ! ከቡራኬው በኋላ የምትመጡት እናንተ ናችሁ።

አዎ፣ እናንተ። እኔንና እናንተን የመሰለ ደግ ሕዝብ። እኛ መች እጅ ዘርግተን ብቻ ሰላም እንላለን? ትከሻ ለትከሻ እንጋጫለን፣ ጀርባ እንደበድባለን፣ ጭምቅ አድርገን እንስማለን፤ ለቀቅን ሲባል ደግሞ መልሰን እናቅፋለን። በፍቅር ነው እኮ! ለእሷ ግን እያንዳንዱ እቅፍ ቁስል ላይ የሚያርፍ ቡጢ ነበር። ቁስሉ ደግሞ አይታይም።

ስሟ ዳመነች ነው። በአንዲት የደቡብ ከተማ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። በመዘምራን መካከል ስትቆም ድምፅዋ ከሁሉም ይለያል፤ መዝሙር አውጪ ነበረች።

ነገሩ እንዴት ጀመረ? እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ተርፋለች፣ ተመስገን። ትከሻዋ ተጎዳ፤ እሱም ዳነ። ወዲያው ደግሞ እናቷ ታመሙ። ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል ወለል ላይ ጋቢ አንጥፋ አስታመመቻቸው፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ከዚያ እናቷ ዐረፉ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሄደ።

ሕመሙ ግን አልሄደም። ከትከሻዋ ተነሥቶ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ ጭኖቿ ተዛመተ። ጠዋት ስትነሣ ሲወቅጧት ያደሩ ይመስላታል። የብርድ ልብሱ ክብደት ያማታል። ፀጉሯን ስታበጥር ያማታል። ለዓመታት የዘመረችው መዝሙር መሀል ላይ ግጥሙ ብን ብሎ ይጠፋባትና አፏን ከፍታ ትቀራለች።

ሐኪም ቤት ሄደች። ደም ሰጠች፣ ራጅ ተነሣች። «ንጹሕ ነሽ» አሏት። ሌላ ሐኪም ቤት ሄደች። «ምንም የለብሽም» አሏት። ባሏ አቶ ጴጥሮስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መላ ቅጡ ጠፋበት። «ኧረ አንቺ ሴት፣ ምንም የለም ተባለ እኮ! ምንም ነው እንዴ እንዲህ የሚያንገበግብሽ?» አላት።

ምንም የለብሽም። ደስ የሚል ቃል ነው አይደል? ስንቶቻችን ይህን ቃል ለመስማት ጾመን ጸልየናል! ለዳመነች ግን የፍርሃት በር የተከፈተው በዚህ ቃል ነው። ሥጋዬ ላይ ምንም ከሌለ፣ ታዲያ እኔ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ብላ አሰበች። እንዲህ ካሰበች በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ያኔ እሷ ገና ጤነኛ ሳለች፣ አንዲት ወጣት ሴት «መላ ሰውነቴን ያነደኛል» ብላ ለጸሎት ወደ ፊት ወጥታ ነበር። ሽማግሌዎቹ እጅ ጫኑባት፤ ጮኸች። ስትጮኽ «መንፈስ ነው» ብለው መሬት ላይ አስተኝተው አጥብቀው ያዟት፤ ባሰባት። ዳመነች መድረኩ ላይ ነበረች። ጩኸቱ ሲበረታ መዘምራኑም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እሷም አብራ ከፍ አደረገች። ያቺ ወጣት ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ደጅ አልታየችም። የት ገባች ያለም የለም።

እንግዲህ ፈረደባት። አመመኝ ብትል ምን እንደሚደረግ አይታለች። ስለዚህ ዝም አለች፤ ዝም ብላ ከቡራኬው በፊት መውጣት ጀመረች።

ሰው ደግሞ አፉን አይዘጋ! ዳመነች ኮራች ተባለ። ልቧ ሸፈተ ተባለ። ቆይቶም ከታፈሰች ጋር ተኳርፋለች ተባለ። ታፈሰች ማን ናት? መዘምራን ውስጥ ከጎኗ የምትቆም፣ አብራት ያደገች የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ስታቅፍ አጥንት የምትሰብር ዓይነት ሴት። ዳመነች ከሁሉም አብልጣ የምትሸሸው እሷን ነበራ! ታፈሰችም እቤቷ ገብታ «ምን በደልኳት?» እያለች ታለቅሳለች።

እኛ ምን እናደርጋለን እንዲህ ሲሆን? ሽማግሌ እንልካለን። ጥሩ ባህል ነው፤ የምንወደው ባህል ነው። አንድ እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ሁለቱን ሴቶች በጓዳ በኩል ባለችው የጸሎት ክፍል አስቀመጧቸው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ሎሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ዳመነች፣ ቂም ይዘሻል ይባላል።»

«ኧረ እኔ ምንም ቂም የለኝም አባባ።»

«ታዲያ ታፈሰች ሰላም ልትልሽ ስትመጣ የምትሸሺው ለምንድን ነው?»

አሞኝ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ምንድን ነው ያመመሽ? ቢሏትስ? ሐኪም ምን አለ? ቢሏትስ? ምንም የለብሽም አለኝ ልትል ነው? ያቺ ወጣት መሬት ላይ ስትንፈራገጥ ታየቻት። አፏን መልሳ ዘጋች።

«በሉ እንግዲህ» አሉ አቶ ሎሃ፣ ደስ ብሏቸው። «ዝም ማለቷ ይቅርታ ነው። ተነሡ፣ ተቃቀፉና ይብቃን።»

ታፈሰች ዕንባዋ ቀድሟት ተነሣች። «ዳሚዬ! አፈር ልብላልሽ፣ እኔ አንቺን እበድላለሁ?» ብላ የስንት ወር ናፍቆቷን ሁሉ በክንዷ ጠቅልላ ጭምቅ አደረገቻት።

ዳመነች ጮኸች። የቻለችውን ያህል ችላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ መጨረሻ ላይ ከአንጀቷ ጮኸች።

ክፍሉ ክው አለ። አንድ ሽማግሌ «በኢየሱስ ስም!» አለ። ወዲያው እጆች መጡ። በትከሻዋ ላይ እጅ፣ በጀርባዋ ላይ እጅ፣ በአንገቷ ላይ እጅ። መሬት ላይ አስተኟት። እጁ በበዛ ቁጥር ያማታል፤ ባመማት ቁጥር ትጮኻለች፤ በጮኸች ቁጥር እጁ ይጠብቃል።

«ማነህ? ስምህን ተናገር!»

«ዳመነች ነኝ!»

«ውሸታም! ማነህ አንተ?»

«ዳመነች ነኝ! ኧረ በእግዚአብሔር፣ ዳመነች ነኝ!»

«አታታልል! ውጣ!»

ወገኖቼ፣ ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እጁ አይደለም። ጩኸቱም አይደለም። እዚያ መሬት ላይ ተጋድማ፣ የምትወዳቸው፣ በልጅነቷ ያስተማሯት ሰዎች እንዲህ ሲሉ ስትሰማ፣ «እውነታቸውን ይሆን እንዴ?» ብላ አሰበች። «ዳመነች አይደለሁ ይሆን?» በዚያች ቅጽበት ከራሷም ጋር ተለያየች። ከዚህ በላይ ብቸኝነት አለ?

ታፈሰች ግን ገና አልለቀቀቻትም ነበር። የዳመነችን ራስ ታቅፋ፣ ጆሮዋ ከአፏ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሌሎቹ ጩኸት ሲሰሙ እሷ ቃል ሰማች። «ታፉዬ... እጅሽ ነው። እጅሽ አመመኝ።»

ታፈሰች እንደ እሳት ፍም ለቀቀቻት። ከዚያ ተነሥታ አቶ ሎሃን ደረታቸው ላይ ገፋቻቸው። ሽማግሌ ገፋች! «ልቀቋት! አሞኛል ነው የምትላችሁ! ሰው ናት፣ ልቀቋት አልኩ!»

እጆቹ አንድ በአንድ ተነሡ። እጆቹ ሲነሡ ጩኸቱ ቆመ። ጋኔን ወጥቶ አይደለም፤ መንካታችንን ስለተውን ነው። ሁሉም አዩት። አቶ ሎሃ መዳፋቸውን ዘርግተው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ሲያዩት ቆዩ።

ታፈሰች ይዛት ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች። እዚያ አንዲት ሐኪም አገኙ። ሐኪሟ ከመንካቷ በፊት «ልንካሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ዳመነች ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሐኪሟ በቀስታ ዳሰሰቻት፤ ስለ አደጋው፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሐዘኗ ጠየቀቻት። «ከቤተ ሰብ እንዲህ የሚያመው ሰው ነበር?» አለቻት።

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቁርጥማት ቁርጥማት ትል ነበር። ብርድ ነው እንላት ነበር።»

«ሕመምሽ ስም አለው» አለቻት ሐኪሟ። «ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። መንስኤውን እስከ መጨረሻው ደርሰንበታል ብዬ አልዋሽሽም። በዘር የሚሄድ ነገር ያለው ይመስላል። አንዳንዱ ላይ ከአደጋ በኋላ ይነሣል፣ አንዳንዱ ላይ ከበሽታ፣ ከከባድ ሐዘን ወይም ከረጅም ጭንቀት በኋላ። እንቅልፍ ማጣት ያባብሰዋል። አንቺ ላይ ብዙው ተደራርቦ መጥቷል።»

«ራጁ ላይ ለምን አይታይም ታዲያ?»

«ዘማሪ ነኝ አላልሽኝም? ሞንታርቦው ከልክ በላይ ሲከፈት ምን ይሆናል?»

«ይጮኻላ! ማንም ሳይዘምር ይጮኻል። ወረቀት ሲገለጥ ነጎድጓድ ይመስላል።»

«ወረቀቱ ተበላሽቶ ነው?»

«አይ፣ ድምፁ በዝቶ ነው።»

«አየሽ፣ ጡንቻሽንና አጥንትሽን ነው የመረመሩት፤ እነሱ ደኅና ናቸው። እኛ እንደሚመስለን የተረበሸው ሕመም የሚሰማበት መንገድ ነው፤ ነርቮችሽ፣ አከርካሪሽ፣ አንጎልሽ። ድምፁ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ሌላውን ሰው የማያመው መንካት አንቺን ያምሻል። ሕመሙ ግን ውሸት አይደለም። ጆሮሽን የሚያደነቁርሽ ሞንታርቦ ውሸት ነው? ፍርሃት ደግሞ ድምፁን የባሰ ይጨምረዋል።»

ዳመነች «አላበድኩም ማለት ነው» አለች። «ዳመነች ነኝ ማለት ነው።»

አሜን ለማለት አትቸኩሉ! ተፈወሰች አላልኳችሁም። መድኃኒት አላት፤ ቀስ እያለች በእግሯ ትሄዳለች፤ እንቅልፏን ትጠብቃለች። የሚሻላት ቀን አለ፣ ከአልጋ የማትነሣበት ቀንም አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ታፈሰች በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላቀፈቻትም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻት፤ አቶ ሎሃም ከኋላዋ እንዲሁ አደረጉ፤ ዓይናቸው እያነባ። ያን ቀን ዳመነች ቡራኬ እስኪያልቅ ተቀመጠች።

ምሳሌው እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ብሏችሁ ወደ ቤታችሁ በሄዳችሁ ነበር። ግን አያልቅም። ዳመነች ያቺን ወጣት መፈለግ ጀመረች። ያቺን መሬት ላይ ተይዛ የጮኸችውን፣ እሷ ከመድረክ ሆና ድምፅዋን ከፍ ያደረገችባትን። አቶ ሎሃን ጠየቀች፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ጠየቀች። የት እንደሄደች የሚያውቅ ጠፋ። ስሟንም የሚያውቅ አልነበረም። ጋኔኑን ስምህን ተናገር ብለው የጮኹት ሁሉ፣ የእሷን ስም አልጠየቁም ነበር።

እናንተስ? እስቲ ጠይቁ ራሳችሁን። እናታችሁ «ያመኛል» ስትል «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አልፋችኋል? ሚስትህ «ደከመኝ» ስትልህ «ምን ሠራሽና?» ብለሃታል? ሐኪም ምንም የለም ስላለ፣ ምንም የለም ብላችሁ የዘጋችሁት በር የለም? ጸልዩ! አትጸልዩ ያለ የለም፤ እኔም እጸልያለሁ። ግን ጸሎት ሰውን ጨምድዶ መያዝ ነው ያለው ማን ነው? ያልገባንን ሁሉ ሰይጣን የምንለው እስከ መቼ ነው? እኔ እንደሆንኩ ከሰይጣን ይልቅ የፈራሁት የገዛ እጃችንን ነው።

እስቲ ይህን ማይክ ዝቅ አድርጉልኝ። እንደሱ። አሁን ትሰሙኛላችሁ?

አሁን እጄን ለቡራኬ ላነሣ ነው። ከመካከላችን አንዲት ሴት ከበሩ አጠገብ ነጠላዋን መሰብሰብ ጀምራለች። መውጣቷን አትኮንኑባት። አትሩጡባት፣ አትክበቧት፣ አታጥብቁባት። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ እስክትቀርባችሁ ታገሡ።

ከዚያም በቀስታ፣ ስሟን ጠይቋት።